ለድንጋዩ የታዘዘ ስፌት

ቅዳሜ፣ ሜይ 2 ቀን 2009። ከሰዓት።

ተመልሰናል። ድንኳኑ ገና ከቫኑ አልወረደም። እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ነው የምጽፍልህ፣ ደብተሬ። ሚጥሚጣው አልቋል። በርበሬው ተጋምሷል። ነጠላ ሁለት ብቻ ወጣ፤ ሙቀት ሲገባ ነጠላ ገበያ የለውም። ለሜይ ቅዳሜ አይከፋም።

ችግሩ ቦታው ነው። ከማኪኒ አለፍ ብላ፣ ከሰፈራችን የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ ያለችው ትንሽ ከተማ አደባባይ ላይ፣ ከነሐሱ ወታደር በስተቀኝ፣ ሦስት ዓመት የቆምኩበት ማዕዘን። ጥላ አለው። ከፍርድ ቤቱ ደረጃ የሚወርድ ሁሉ በፊቴ ያልፋል። ዛሬ ስንደርስ በቢጫ ገመድ ታጥሯል። ሐውልቱ የድሮ ጦርነት ነው፤ አሁን በአዲሶቹ ጦርነቶች ለሞቱ የአካባቢው ልጆች አጠገቡ ድንጋይ ያቆማሉ። ስም ያለበት። ምረቃው በወሩ መጨረሻ ሰኞ፣ በሜሞሪያል ዴይ፣ በጦር ሙታን መታሰቢያቸው ቀን።

የገበያው ኃላፊ ሊንዳ ወደ ጀርባ መንገድ ልታዛውረኝ አስባ ነበር። ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ! አልጮኽኩም። ጯሂ ነጋዴ ይከስራል። ሰዉ ጎረቤቴ እትዬ ወርቅነሽ ድንኳኔ ሥር ስፌት ሲሰፉ ለማየት ከየት ከየት እንደሚመጣ አስታወስኳት። ለምረቃው አበባ የሚቀመጥበትን ትልቅ ስፌት ከፋሲካ በፊት ማን እንዳዘዘኝም አስታወስኳት። ራሷ ናት ያዘዘችኝ። ሳቀች። ድንጋዩ በሸራ ተሸፍኖ ይቆያል፤ እኛ ከገመዱ በዚህ ወገን። አሸነፍኩ።

እትዬ ወርቅነሽ ጭቅጭቁን አልሰሙም። የውሃ ኮዳቸውን እንደ ልማዳቸው ሐውልቱ አጥር ላይ ሰቅለው ከወታደሩ ጋር ወሬ ይዘው ነበር። አንተ ልጅ፣ ዛሬም አልቀየሩህም? አለቃህ ረሳህ እንዴ? ይሉታል። ሲጨርሱም ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ «ለናቲ ሰላም በልልኝ።»

ናቲ አንድ ልጃቸው ነው። ናትናኤል። የአሜሪካ ወታደር፤ ኢራቅ ነው ያለው።

ረቡዕ፣ ሜይ 6። ማታ።

እትዬ ወርቅነሽ ዘንድ ነበርኩ። ቪከሪ ሜዶ ሰፈር፣ አንድ አፓርታማ ውስጥ፣ በእሳቸውና በእኔ መካከል አንድ ስስ ግድግዳ። ሲያስሉ እሰማለሁ። ባለፈው ኖቬምበር ደረታቸው ተከፍቶ ልባቸው ከታከመ ወዲህ ጆሮዬ እዚያው ነው።

የድንጋዩ ስፌት ከወገቡ አልፏል። አፉ ሰፊ፣ እግር ያለው። አክርማው ከአገር ቤት በሰው ሻንጣ የመጣ፤ ቀዩንና ሰማያዊውን ራሳቸው ነከሩት። ወስፌውን ሲወጉ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ዛሬ አንድ ሙሉ ዙር ፈቱ። ቀዩ ትንሽ ዘንበል ብሎባቸው። እንዴ፣ አሜሪካዊ መቼ ያያል ብላቸው ተቆጡኝ።

«ልጇ የሞተባት እናት ታያለች፣ አንቺ። እሷ ሁሉንም ነው የምታየው።»

ማቀዝቀዣቸው ላይ የእንግሊዝኛ ክፍላቸው ወረቀት ተለጥፏል። መምህሯ መጀመሪያ የምትወዱትን ቃል ጻፉ ብላ ነበር። እሳቸው የልጃቸውን ስም ጻፉ። ሰባት ጊዜ፣ ከላይ እስከ ታች፤ የመጀመሪያዋን ፊደል አንዳንዴ ገልብጠው።

ናቲ ደውሎ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩ። እሑድ ደውሎ ነበር አሉ፤ እሳቸው ቤ/ክ ሳሉ፣ ለጋሽ ደምሴ። የእትዬ ወርቅነሽ ወንድም ናቸው፣ ናቲንም ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ እዚሁ አሜሪካ፣ ማኪኒ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እናት የመጡት ልጁ ወታደር ሆኖ ዜግነት ካገኘ በኋላ ነው። እትዬ ወርቅነሽ ስልክ የላቸውም፤ ወንድማቸው ካልያዙ ልጁ ለማን ይደውላል? እኔም ጋሽ ደምሴ የነገሩኝን መልእክት ብዙ ጊዜ አድርሻለሁ። ናቲ እንኳን አደረሰሽ ብሏል። ናቲ መድኃኒትሽን አትርሺ ብሏል።

ቅዳሜ፣ ሜይ 9። ከሰዓት።

ይህን የምጽፈው ለራሴ ልንገረው ብዬ ነው።

ግንቦት ልደታ ነው። እትዬ ወርቅነሽ ንፍሮ ቀቅለው፣ ለማር ሻጩ ሽማግሌም አካፈሉት፤ ሰውዬው በማር እየለወሰ ሲበላ ሳቅን። ከዚያ እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ፍርድ ቤቱ ገቡ። ሁለት ሠራተኞች መጥተው የድንጋዩን አቧራ ሊያጥቡ ሸራውን ገለጡ።

ስሞቹ ብዙ አይደሉም። ሦስተኛው ላይ ዓይኔ ቆመ።

ናትናኤል። ቀጥሎ የአባቱ ስም።

መጀመሪያ ያሰብኩት ስህተት ነው የሚል ነው። በሕይወት ያለ ሰው ጻፉ፤ ለሊንዳ እነግራታለሁ፣ ይፍቁታል። እውነት ይህን ነው ያሰብኩት። ከስሙ ጎን ያለውን ዓመት ሳይ ሐሳቤ ቆመ። ያለፈው ዓመት ነው።

ቀጥሎ ያሰብኩት እትዬ ወርቅነሽ በየት በኩል እንደሚመለሱ ነው። ደረጃውን ወርደው ፊት ለፊት። ነጠላዎቹን ከሣጥን አወጣሁ፤ አንድ በአንድ ቢጫው ገመድ ላይ ሰቀልኳቸው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ድንጋዩ እስኪጋረድ። አንዲት ሴትዮ ቆማ ዋጋ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ገዛች። ከመሐል አወረድኩላት፤ ክፍተቱን በራሴ ነጠላ ሸፈንኩት።

እትዬ ወርቅነሽ መጡ። ይሄ ደግሞ አዲስ አሰቃቀል ነው፣ አስኩ፣ መላ አታጪም አሉኝ። ተቀመጡ። ለድንጋዩ ጀርባ ሰጥተው ስፌቱን አነሡ።

በመኪና አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ንፍሮ አወሩልኝ። ምን እንደመለስኩ አላውቅም።

እሑድ፣ ሜይ 10። ከሰዓት።

ዛሬ አሜሪካኖች የእናቶች ቀን ይላሉ። ከቅዳሴ እንደተመለስን ጋሽ ደምሴ መጡ። ነጭ አበባ ታቅፈው። ናቲ ነው የላከልሽ አሏቸው። በኢንተርኔት አዞልሽ እኔ ተቀበልኩልሽ አሉ።

እትዬ ወርቅነሽ አበባውን ሳሙት። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ።

ሲወጡ ጋሽ ደምሴን ፓርክ እስካደረጉበት ድረስ ተከተልኳቸው። ናቲ የት ነው አልኩ። ኢራቅ አሉ። ድንጋዩን አየሁት አልኩ።

መኪናው ላይ ተደገፉ። ከዚያ ሁሉንም ተናገሩ፤ ቃላቸውን አልጽፈውም፤ ነገሩን ብቻ። ኖቬምበር ላይ ሁለት ባለ መለዮ ሰዎች ቤታቸው መጥተዋል። ልጁ ቅጹ ላይ የሞላው አድራሻ የአጎቱን ነበር፣ እናቱ ገና ሳይመጡ የሞላው። በዚያው ሳምንት እትዬ ወርቅነሽ ሆስፒታል፣ ቱቦ አፋቸው ውስጥ። ደምሴ ሰዎቹን ለመናቸው፤ በእኛ ዘንድ መርዶ በባዕድ አይነገርም፣ እኛው እንነግራታለን፣ ፈርምበት ካላችሁ እፈርማለሁ። ፈረመ። ቀበሩት። በወታደሮች መቃብር። ስድስት ሰው። እናት የሌለችበት።

ከሆስፒታል ስትወጣ ትጽና ተባለ። ከዚያ ገና ይለፍ ተባለ። ከዚያ ዓቢይ ጾም ገባ። ከዚያ ፋሲካ። የደብሩ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። የማኅበሩ ሴቶች ግማሾቹ ያውቃሉ። እኔ ያልተነገረኝ፣ አንድ ግድግዳ ስለሚለየን ነው። ፊትሽ ያሳብቃል ብለን አለ። የእኔ ፊት! ሃያ ዓመት የነገድኩበት ፊት።

ለዚያ ነው ባለፈው ወር ሌላ ገበያ ለምን አትሞክሪም ያለኝ። እኔ ደግሞ ለእኔ አስቦ መስሎኝ አመስግኜዋለሁ።

የዕቃ መጫኛውን ከፈተልኝ። ከትርፍ ጎማው በላይ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር። በቀብሩ ቀን ለቤተሰቡ የሰጡት ባንዲራ፤ በሦስት ማዕዘን የታጠፈ። እህቴ ወደ ቤቴ ስትመጣ ቁም ሣጥን ትከፍታለች፣ ለዚህ ነው እዚህ የማኖረው አለ። ስድስት ወር ይዞት ይነዳል። ሱቅም፣ ሥራም፣ ቅዳሴም።

ከዛሬ ጀምሮ ጋሽ አልለውም።

አንድ ነገር ልተው ብዬ ነበር፣ ደብተሬ፤ አይሆንም። ያደረስኳቸው መልእክቶች። መድኃኒትሽን አትርሺ። ልጁ ከሞተ ወዲህ ነው ያደረስኩት።

ማክሰኞ፣ ሜይ 12። ማታ።

ቤ/ክ አዳራሽ። የእትዬ ወርቅነሽ የንስሐ አባት፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ደምሴ፣ እኔ። ሴት ስብሰባው ላይ መኖሯ አልተወደደም። ተቀመጥኩ።

የጀመሩት ከኦገስት ነው። የልጁ ግዳጅ ያኔ ስለሚያልቅ ከዚያ ወዲያ መንገር ነው አሉ። እኔ ነገ አልኩ። አንደኛው ሽማግሌ ሳቁ፤ ይቺ ልጅ ገበያ ያለች መሰላት አሉ። አዎ፣ አባቴ፣ ገበያ ነው አልኩ፤ እርስዎ ከላይ ጠሩ፣ እኔ ከታች ጠራሁ፣ አሁን እንቀራረብ።

ልቧ አሉ። ፌብሩዋሪ ላይ ሐኪሙ ዘንድ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ ልቧ ድኗል፣ ደረጃ ትውጣ፣ ሥራ ትሥራ ብሏል አልኩ። ይህን ትተው ሃምሳው ሳይወጣ ፍታት የለም፣ የትንሣኤ ወቅት ለቅሶ አይገባበትም አሉ። ወደ አባ ዞርኩ። መርዶና ፍታት አንድ አይደሉም አሉ በመጨረሻ፤ ቀስ ብለው፣ ደምሴን ሳያዩ።

ደምሴ ደግሞ ድንጋዩን አታነብም አለ። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ስለዚህ ነው ስሙ እንዲጻፍ የፈረምኩት፣ ልጁን ከሙታኑ ዝርዝር ማስቀረት ደግሞ ሁለተኛ ሞት ነው። የማቀዝቀዣውን ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣሁ። ትናንት ሳያዩኝ ነው ያነሣሁት። ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሰባት ጊዜ ናትናኤል።

በዓለም ላይ በእንግሊዝኛ ማንበብ የሚችሉት አንድ ቃል እሱ ነው አልኩ።

ተስማማን። ሜይ 23፣ ከምረቃው ሁለት ቀን በፊት፣ ንጋት ላይ፣ ሁሉም በተገኙበት። እስከዚያ ከአደባባዩ ላርቃቸው። ከኦገስት አውርጄ ሜይ አደረስኳቸው። ጥሩ ድርድር ነበር። መኪና ውስጥ ገብቼ መንዳት አቃተኝ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 16። ቀትር።

ገበያ አልሄድንም። ቫኑ ተበላሽቷል አልኳቸው። አመኑኝ። ለቫኑ ጸለዩለት።

ወረቀቷን ማቀዝቀዣው ላይ መልሼ ለጥፌያለሁ። ትንሽ ዘንበል ብላለች። አዩዋትና አስተካከሏት።

ስፌቱ ሊያልቅ ነው። ግድግዳው ውስጥ የወስፌውን ድምፅ የምሰማ ይመስለኛል፤ አይሰማም፣ አውቃለሁ። ረፋድ ላይ ጠርተውኝ ገባሁ። የሊንዳን ሰዎች ጠይቂልኝ አሉ፤ የእነዚያ የሞቱት ልጆች እናቶች ምረቃው ላይ ይመጣሉ? እንጃ አልኩ። ከመጡ እኔም ልምጣ፤ ቋንቋቸውን ባላውቅም አጠገባቸው መቀመጥ እችላለሁ አሉ። ለቅሶ ቤት ቋንቋ አያስፈልግም።

ወጥ ጣዱልኝ። በላሁ። ስንት ሰው ነው በዚህ ቤት እየበላ የዋሻቸው?

ደምሴን ስድብ ስሰድብ ነው የሰነበትኩት። ዛሬ አንድ ነገር ገባኝ። ውሸቱ አንድ ቀን አልፎ ሲያድር ለሁለተኛው ቀን ቀላል ነው። አንድ ሳምንት ብቻ ሞከርኩት፤ እጄ ለመደው።

ሐሙስ፣ ሜይ 21። ከሥራ በኋላ።

ደምሴ ኮል አደረገ። ሽማግሌዎቹ ወደኋላ ብለዋል። አንደኛው ሳን አንቶኒዮ ለሠርግ ይሄዳሉ። ሌላኛው ሃምሳው ይውጣ ይላሉ። እሱ ራሱ ደግሞ ሌላ መላ አመጣ፤ ሰኞን ብቻ እንለፍ፣ አንቺ ገበያሽን ወደ ሪቻርድሰን አዙሪ፣ ድንጋዩን የሚያሳያት የለም፣ እስከ ኦገስት ቀስ ብለን።

እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም። እውነቱን ልጻፍልህ። ግማሽ ቀን አሰብኩበት። ሪቻርድሰን መጥፎ ገበያ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ተማሪ ነጠላ ይወዳል። እትዬ ወርቅነሽም ከተነገራቸው ድንኳኔ ሥር ላይቀመጡ ይችላሉ። እሳቸው ከሌሉ ሰው ቆሞ አያይም፤ በርበሬ ብቻ ይዤ ማን ይቆምልኛል? ይህን ሁሉ አሰላሁ። ከዚያ የሰው ሐዘን ላይ ድንኳን የተከልኩ መሰለኝ።

ሊንዳም ደወለች። ስፌቱ ደረሰ ወይ? ከድንጋዩ ፊት፣ በቀጥታ ከስሞቹ ሥር ነው የሚቀመጠው አለች። ሠሪዋን ሕዝቡ ፊት አመሰግናታለሁ፣ አምጪያት።

አስበው፣ ደብተሬ። ሕዝብ ፊት። ከስሙ ሥር።

ዓርብ፣ ሜይ 22። ማታ 1 ሰዓት።

ወሰንኩ።

ለደምሴ ደወልኩ። ነገ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል እገባለሁ አልኩት፤ ከመጣህ ከአንተ ጋር፣ ካልመጣህ ያለአንተ። ጮኸ። መርዶ አንድ ሰው አይነግርም፣ ያውም ዘመድ ያልሆነ፤ እህቴን ትገድያታለሽ፣ ስምሽ ይጠፋል አለ። ይጥፋ አልኩ። ባንዲራውን ይዘህ ና። ዘጋው።

አባ ጋ ደወልኩ። እመጣለሁ አላሉም፤ ስድስት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ፣ ቅዳሴ አለብኝ፣ ግን አትቅሪ አሉ። ይበቃኛል።

ከማኅበሩ ሁለት ሴቶች እሺ ብለዋል። ሁለቱም ነርስ ረዳት ናቸው፤ እትዬ ቢወድቁ ግራና ቀኝ የሚይዟቸው። የሐኪማቸው ቢሮ ደውዬ ነገሩን ነገርኳቸው፤ የትኛውን ክኒን መቼ እንደምሰጥ ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ። ውሃ። ብርድ ልብስ። እሳቸው ቤት ወለሉ ላይ ያለውን ጠርዘ ስል ጠረጴዛ ዛሬ ለጽዳት ብዬ አስወጣሁት። ሰው ሲመጣ ወንበር አይበቃም፤ የገበያውን ወንበሮች አምጥቻለሁ።

ሌላ ምን? ምን እንደምል አላውቅም። ሸቀጥ ቢሆን አፌን አውቀው ነበር።

እትዬ በግድግዳው በኩል ጠሩኝ፤ ቫኑ ተሠራ ወይ? ተሠራ አልኩ። ነገ እንሄዳለን? እንነሣለን አልኩ። ስፌቱን ጨርሼልሻለሁ፣ ነገ ታይዋለሽ አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 23። ንጋት፣ 11፡10።

ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሻለሁ። ጥለቱ አንገቴ ላይ ነው። ይህን አለባበስ የማያውቅ ሐበሻ የለም። አፌ ባይከፈትም ልብሴ ይናገራል፤ ለዚህ ነው የለበስኩት።

ሁለቱ ሴቶች አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። እነሱም ዘቅዝቀዋል። አንዳችንም አንተያይም። ቫኑ ባዶ ነው።

11፡17። ከግድግዳው ወዲያ ውሃ ይንቆረቆራል። ተነሥተዋል። ውዳሴ ማርያም ያደርሳሉ፤ ድምፃቸው ዛሬ ደህና ነው።

11፡22። በመስኮት መኪና አየሁ። መብራቱ በርቶ ቆሟል። የሚወርድ የለም።

11፡25። ወረዱ። ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጥቁር ኮት። የዕቃ መጫኛውን ከፍተው ጎንበስ ብለው ቆዩ። ጋቢውን ፈቱት። ባንዲራውን እንደ ሕፃን አቅፈው ወደ ደረጃው እየመጡ ነው።

11፡27። የእትዬ ወርቅነሽ በር ተከፈተ። እኛ ሳንገባ ቀደሙን። ስፌቱን በሁለት እጃቸው ይዘው በረንዳው ላይ ቆመዋል፣ ቀዩ ቀጥ ብሏል፣ አንድም ቦታ አልዘነበለም። ወንድማቸው ገና ከደረጃው ሥር ናቸው፤ እትዬ አላዩዋቸውም። በእኔ መስኮት በኩል ይጣራሉ፤ አስኩ፣ ተነሽ እንጂ፣ ፀሐይ ሳትቀድመን፣ እይው እስቲ፣ እይልኝ።

ሴቶቹ ተነሥተዋል። በሩን ልክፈት። ነጠላዬን…